ከመንገዱ ያኮረፈ ቤት

እስቲ አስቡት፤ አንዲት ሰማያዊ ባጃጅ፣ ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ፣ ሽማግሌው እቅፍ ውስጥ ደግሞ ከራሳቸው የሚሰፋ የመስኮት መስታወት። መስታወቱ በግራም ወጥቷል፣ በቀኝም ወጥቷል። ከሽማግሌው የሚታየው ባርኔጣቸውና ዓይናቸው ብቻ ነው። የሮቢት የቀትር ፀሐይ መስታወቱ ላይ እየተንቦገቦገች መንገደኛውን ሁሉ ዓይኑን ታስጨፍነዋለች። ማሾ የተጫነች አንዲት አህያማ ደንብራ ሸክሟን አስፋልቱ ላይ ልትዘረግፈው ምንም አልቀራት።

«ጋሽ ተሻለ» አለ ሾፌሩ ሚኪያስ፣ «ይሄ ነገር እኮ ወይ ባጃጄን ወይ እርስዎን ለሁለት ይከፍላል!»

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ! ቀስ ብለህ ግን።»

«ዝም ልበል ወይስ ቀስ ልበል?»

«ሁለቱንም!»

ጋሽ ተሻለን ሮቢት ላይ የማያውቃቸው የለም። ቀወት ገጠር ውስጥ በሽንኩርትና በማሾ እርሻቸው ስማቸው የተነሳ፣ ለሰው የሚደርሱ፣ ግን ደግሞ አንዴ «አይ» ካሉ ባለቤታቸው እትዬ እጅጋየሁ እንኳን የማይመልሷቸው ሰው ናቸው። ከተማ ከገቡ ወዲህ ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ በሆነች አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ለራሳቸው ቢሆን ግድም አልነበራቸው። የነገሩ ሁሉ መነሻ ልጃቸው ዘነበች ናት።

ዘነበች ደብረ ብርሃን ነርስ ናት፤ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በመጀመሪያ ልጅ የሚታረሰው እናት ቤት ነው፤ ይሄን ማንም ያውቃል። ግን ባለፈው ፋሲካ ልትጠይቃቸው መጥታ በዚያች ቆርቆሮ ቤት እንቅልፍ አጥታ፣ ግቢ ውስጥ ቁርበት አንጥፋ አድራ፣ በዓሉን እንኳን በቅጡ ሳታከብር ነው የተመለሰችው። መኪና ስትሳፈር እየሳቀች «አባዬ፣ ቤታችሁ ሲቀዘቅዝ ጥሩኝ!» አለቻቸው። እሷ ቀልዳ ነው። እሳቸው ግን ያቺን ቃል ዋጧት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐሳባቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ ዘኑ ከመውለዷ በፊት የሚያምር ቤት ሠርቶ መታረሻዋን ማዘጋጀት። ይኸው አሁን ሁዳዴ ገብቷል፤ እሷ የምትወልደው ግንቦት ሲያልቅ ነው።

ባጃጇ ከገበያው ወጣ እንዳለች መንገድ ዳር አንዲት ልጅ እጇን ዘረጋች። ጋሽ ተሻለ በመስታወቱ ውስጥ አሻግረው አዩዋትና ፊታቸው በራ።

«ጸደንያ አይደለሽም እንዴ? የመምህር ሀብታሙ ልጅ? ነይ ግቢ፣ ነይ! እግዜር ነው የላከሽ፤ አንዱን ጫፍ ያዢልኝ!»

ጸደንያ የድሮ ጎረቤታቸው፣ የሟቹ የመምህር ሀብታሙ ልጅ ናት። ቴክኒክና ሙያ ገብታ የግንባታ ሥራ ተምራ ገና መጨረሷ ነው፤ ከጓደኞቿ ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታ ሥራ እየጠበቀች ነበር። ገብታ መስታወቱን ልትይዝ እጇን ዘረጋችና ወዲያው ሰበሰበችው።

«እንዴ ጋሼ! ይሄ ነገር እሳት ላይ ነው እንዴ የዋለው?»

«ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው እንጂ ምን እሳት አለው። በቀሚስሽ ጫፍ ያዢው።»

«ለምንድነው ግን ይሄ ሁሉ መስታወት?»

«ለአዲሱ ቤቴ ነዋ! ለሳሎኑ! ፊት ለፊት፣ ወደ አስፋልቱ! ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ ‹ይሄ ደግሞ የማን ቤት ነው?› እያለ እንዲያልፍ ነው የምፈልገው።»

ጸደንያ መስታወቱን አየች፣ ፀሐይዋን አየች፣ ጋሽ ተሻለን አየች። አፏ ላይ የደረሰ ነገር ነበር፤ ግን ሽማግሌ ሰው ደስ ብሎት እያወራ እንዴት ይቋረጣል?

«ቦታውን ያሳዩኛል?» ብቻ አለች።

ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ከአስፋልቱ በስተፀሐይ መውጫ። መሀሉ ላይ አንድ ያረጀ ሮቃ ቆሟል። ቅርንጫፉ የሰፋ፣ ጎምዛዛ ፍሬው መሬቱ ላይ የረገፈ፣ ጥላው ሥር ለመቶ ሰው የሚበቃ ትልቅ ዛፍ። ከዛፉ ጀርባ ችካል ተተክሎ ገመድ ተወጥሯል። ረጅሙ ገመድ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ይሄዳል።

መስታወቱን ሮቃው ግንድ ላይ በጥንቃቄ አስደግፈው ሚኪያስን ከሸኙት በኋላ ጋሽ ተሻለ በዱላቸው እያመለከቱ ያሳዩዋት ጀመር።

«ይኸውልሽ፤ ይሄ ሳሎን፣ ይሄ የዘኑ መኝታ። ሁለቱም አስፋልቱን ያያሉ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። በረንዳ አልፈልግም፤ ፊቱን ይሸፍንብኛል። ይሄን ሮቃ ደግሞ ነገ አየለ አናጢው መጥቶ ይጥልልኛል። ቤቱን ከመንገድ ጋረደብኝ።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ፤ ለዚሁ አይደል የተማርሽ።»

«ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?»

«በየት ትሆናለች! እዚያ ነዋ፣ በጣርማ በር ተራራ በኩል።»

«ታዲያ ከቀትር ጀምራ ተራራው ጀርባ እስክትገባ ድረስ ፊት ለፊት የምታየው ምኑን ነው?»

ጋሽ ተሻለ ዱላቸውን አነሱ፣ ገመዱን አዩ፣ ወደ ተራራው ዞሩ፣ ተመለሱ።

«ሳሎኑን።»

«ሌላስ?»

«...የዘኑን መኝታ።»

ግን ሰውየው እንዲህ በቀላሉ እጃቸውን የሚሰጡ ቢሆኑ ጋሽ ተሻለ አይባሉም ነበር።

«ለዚህ ለዚህማ መጋረጃ አለ!»

«መጋረጃ ከተዘጋ መስታወቱን ማን ያየዋል? አውቶቡሱ የሚያየው መጋረጃ ሊሆን ነው እኮ።»

«አንቺ! አፍሽ እንደ አባትሽ ነው» አሉ፤ እየሳቁ ነበር ገና። «እሺ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ያን ጊዜ ጸደንያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ገመዱን ተሻግራ ገባች። ማውራት ስትጀምር እጇ፣ ዓይኗ፣ ትከሻዋ ሁሉ አብሮ ነው የሚያወራው።

«እኔ ብሆን ቤቱን አዞረዋለሁ። ጠባብ ጎኑን ለመንገዱ ሰጥቼ ረጅሙን ጎን በዚህና በዚያ አደርገዋለሁ። መስኮት ፊት ለፊት፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ከማዶ፤ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በመንገዱ በኩል መስኮት የለም። የማታዋ ፀሐይ ግድግዳ አግኝታ ትመለሳለች። ሮቃውን ደግሞ አልነካውም! ግድግዳውን ከማታ ፀሐይ የሚጋርድ፣ መብራት ቢጠፋ የማይጠፋ፣ ውሃ ስጡኝ የማይል ማራገቢያ እኮ ነው የቆመልዎት። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ...»

«ቆይ፣ ቆይ! ጎኑን ለመንገዱ?» ጋሽ ተሻለ ሳቃቸው ጠፋ። «ሰው ምን ይላል? ፊቱን ከመንገድ ያዞረ ቤት እኮ ያኮረፈ ቤት ነው! ተሻለ ከአገሩ ተጣልቶ ቤቱን አስኮረፈው አይሉኝም?»

እውነታቸውን ነው እንግዲህ። ሮቢት ውስጥ ከላይ እስከ ታች ብትሄዱ ቤቱ ሁሉ ፊቱን ለአስፋልቱ ሰጥቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፎ፣ የሚመጣ ትልቅ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የሚቆመው። ግማሹ በጠዋት ፀሐይ ይጠበሳል፣ ግማሹ በማታ። ሰዉም እቤት ውስጥ ላቡን እየጠረገ፣ በጋዜጣ እያራገበ፣ በሩን ዞር ላድርገው ብሎ አያስብም። መንገድ ማክበር ነው፤ በቃ።

«ብሎኬትስ ምን አደረገሽ?» አሉ ጋሽ ተሻለ፣ አሁን ወደ ክርክሩ በደንብ ገብተው። «ድንጋይና ጭቃ የድሃ ቤት ነው። እኔ ከጭቃ ቤት ለመውጣት አይደል ይሄን ዘመን ሁሉ የለፋሁት?»

«ብሎኬቱ ሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶው ድንጋይ ተቃጥሎ፣ ያን ሁሉ ነዳጅ በልቶ፣ በመኪና ተጭኖ ስንት አገር አቋርጦ ነው እዚህ የሚደርሰው። መሀሉ ክፍት፣ ገላው ቀጭን ነው፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ገና ሳይመሽ ወደ ውስጥ ይተፋዋል። የእርስዎ ድንጋይ ደግሞ እርሻዎ ጠርዝ ላይ ተቆልሎ ይኸው አለ። በየዓመቱ ሞፈር ሰበረብኝ እያሉ እየለቀሙ የሚጥሉት አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«መሠረቱ ሲቆፈር የሚወጣው አፈርስ? ከጭድ ጋር ሲቦካ ልስን ነው። ከሩቅ የሚመጣ ነገር በጣም ጥቂት ነው። ድንጋይ ክንድ ተኩል ሲወፍር ሙቀቱ ገና መንገድ ላይ እያለ ፀሐይ ትጠልቃለች።»

«ምስጡስ? ይሄ አገር ምስጥ የማይበላው ነገር አለ?»

«ምስጡ የሚበላው እንጨት ነው። እኔ እንጨት መሬት አላስነካም።»

«ጊንጡስ? ድንጋይ ለድንጋይ መሀል የጊንጥ ሰፈር ነው!»

«በጭቃ ይደፈናል፣ በኖራ ይለሰናል። ጊንጥ ለስላሳ ኖራ ላይ ምን ይሠራል?»

ጋሽ ተሻለ አንድ ዙር ዞሩ። ሌላ ጥያቄ እየፈለጉ ነበር፤ አላገኙም፤ ይሄ ደግሞ የበለጠ አናደዳቸው። ጸደንያ እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። አላቆመችም።

«ጋሼ፣ ቤቱን የሚሠሩት ለማን ነው? የአውቶቡሱ መንገደኛ መስታወትዎን የሚያየው ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ነው፤ ጀውሃ ሳይደርስ ረስቶታል። ዘነበች ግን ሕፃን ታቅፋ እስከ ክርስትናው ድረስ እዚህ ውስጥ ልትተኛ ነው።»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ሰው አክባሪ ነበር። ለልጄ ምን እንደሚሻላት አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ? ነገ አየለ ይመጣል። ዛፉም ይወድቃል። ሂጂ በይ።»

ጸደንያ «ይቅርታ ጋሼ» ብላ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

አመሻሹ ላይ የጋሽ ተሻለ ሞባይል ጮኸ። ዘነበች ናት። እሳቸው ቆርቆሮው ቤት ውስጥ መቆም አቅቷቸው ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አባዬ፣ እንዳትቆጣ» አለች። «አማቴ እዚሁ እኔ ጋ ታረሺ ብላኛለች። ብርዱ ለሕፃን ባይሻልም እሳት እናነዳለን አለች።»

«ምን ማለትሽ ነው? እኛ ሞተናል እንዴ? ቤት እየሠራሁልሽ!»

«አውቃለሁ። እኔም ከእማዬ ሌላ ማን ጋ መታረስ እፈልጋለሁ? ግን ያን ጊዜ ያየሁት ሙቀት... ለእኔስ ግድ የለም፤ ጨቅላ ልጅ ይዤ እኮ ነው። አዲሱ ቤት ይሞቃል?»

«ብሎኬት ነው ልጄ!»

«ብሎኬት መሆኑንማ ሰማሁ። ይሞቃል ወይ ነው ያልኩህ።»

ጋሽ ተሻለ አፋቸውን ከፈቱ። እሳቸው ልጃቸውን ዋሽተዋት አያውቁም። ደግሞ ዓይናቸው ላይ ያ ገመድ መጣባቸው፤ ፊት ለፊቱም ያቺ የጣርማ በር ፀሐይ።

«ነገ ልደውልልሽ» ብለው ዘጉት።

በማግስቱ አየለ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ግን ቀትር ነበር፤ አገሩ ሁሉ እንደ ጋለ ብረት ሆኗል። ስለዚህ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ሮቃው ሥር ተቀመጠ። ጋሽ ተሻለም ተቀመጡ። የጀውሃ መንገደኞችም ጥላውን አይተው ገብተው ተቀመጡ። ሚኪያስም ባጃጁን አስጠግቶ ወረደ። ለይቅርታ የመጣችው ጸደንያም ከሩቅ ቆማ ስታይ ጋሽ ተሻለ «ነይ፣ ፀሐዩ ላይ አትቁሚ» አሏት።

«አየለ፣ ጀምር እንጂ» አለ ሚኪያስ፣ ግንዱን ተደግፎ።

«እናንተ ተነሡ እንጂ! ሰው ሥሩ ተኝቶ እንዴት አድርጌ ነው የምቆርጠው?»

«እኛማ ከዚህ ወዴት እንነሣለን? ጥላ ያለው እዚህ ብቻ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ተሻለ አልሳቁም። ቀና ብለው ቅጠሉን ያዩ ነበር።

በዚህ መሀል እትዬ እጅጋየሁ በነጠላ የተጠቀለለ ማሰሮ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ እየተቻኮሉ በመንገዱ ማዶ ብቅ አሉ።

«እጅጌ! ምን ይዘሽ ነው የምትሮጪው?»

«ቅቤ ነዋ። ለዘኑ የአራስ ገንፎ የማጠራቅመው። ሙሚና ጋ ላድርሰው፤ ሳይፈስብኝ።»

«ሙሚና ጋ? የእኛ ቅቤ ሙሚና ቤት ምን ይሠራል?»

እትዬ እጅጋየሁ ቆም ብለው ባላቸውን እንደ ሕፃን አዩዋቸው።

«የዘኑ አባት፣ በዚያ ቆርቆሮ ቤት ቅቤ ይቀመጣል? ዘይት ሆኖ ይፈሳል እንጂ! ሁዳዴ ሲገባ የሰፈሩ ቅቤ ሁሉ እስከ ፋሲካ ሙሚና ቤት እኮ ነው የሚቀመጠው። አታውቅም እንዴ?»

አያውቁም። እኔም እላችኋለሁ፣ ከወንዶቹ አንድም የሚያውቅ አልነበረም። ሚኪያስ «እናቴም?» ብሎ ሲጠይቅ «እናትህ ማሰሮዋ ላይ ቀይ ክር ያሰረችው ናት» አሉት።

ጋሽ ተሻለ ተነሡ። ማንንም ሳያናግሩ ሚስታቸውን ተከተሉ። ጸደንያም ከኋላ፣ አየለም ከነመጥረቢያው።

የእትዬ ሙሚና ቤት ከቦታው እልፍ ብላ ነው ያለችው። አባታቸው አርጎባ ነበሩ፤ ድንጋይ መጥረብ የሚያውቁ፣ በጊዜያቸው የተመሰገኑ ሰው። ቤቷ ዝቅ ያለች፣ ግድግዳዋ ወፍራም፣ ጀርባዋን ለአስፋልቱ የሰጠች ናት። ሰፈሩ «የሙሚና ዋሻ» እያለ ነው የሚስቅባት። ጋሽ ተሻለም ስቀውባታል፤ አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ።

«ቢስሚላህ፣ ግቡ፣ ግቡ! ተሻለም መጣህ? ዛሬ ከየት ተገኘህ!»

ጋሽ ተሻለ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው ገቡ። ገብተውም ባሉበት ቆሙ።

ምን ልበላችሁ። ከእሳት ዳር ተነሥቶ ወንዝ ዳር እንደ መቀመጥ ነው። ውጭ ትንፋሽ የሚያሳጣው ሙቀት በሩ ላይ ቀርቷል። ማራገቢያ የለ፣ መብራት የለ። በኖራ የነጣው ግድግዳ ላይ እጃቸውን ቢያሳርፉ ቀዝቃዛ ነው። ከጣሪያው ሥር በትናንሽ ቀዳዳ ብርሃን ይገባል፤ ሙቀቱ ሽቅብ ወጥቶ የሚያመልጠውም በዚያው ነው። ከግድግዳው ውፍረት ውስጥ ደግሞ መደርደሪያ ተፈልፍሏል፤ መደርደሪያው ላይ የቅቤ ማሰሮ በማሰሮ ላይ፣ አንገቱ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ክር እየታሰረ ተደርድሯል። እትዬ እጅጋየሁ ሰማያዊ ክር የታሰረበትን የራሳቸውን ማሰሮ አወረዱና ከፈቱት። ቅቤው ጠጥሯል፤ የጣታቸው ምልክት እንኳን ላዩ ላይ እንዳለ ነው።

ጋሽ ተሻለ ማሰሮውን ሲያዩ፣ ግድግዳውን ሲያዩ፣ ማሰሮውን ሲያዩ ቆዩ።

«እትዬ ሙሚና፣ እርስዎ ሁዳዴን አይጾሙም። በዚህ ሁሉ ቅቤ መሀል...»

«ወላሂ ጣቴን አላስገባሁበትም!» አሉ እትዬ ሙሚና እየሳቁ። «ሽታው ብቻ ነው የሚያጠግበኝ።»

«አልጠረጠርኩም፤ እንደው ገርሞኝ ነው። አባትዎ ታዲያ ይሄን ቤት ለምን ከመንገዱ አዞሩት?»

«አዞሩት? አባዬ ይሄን ሲሠራ የትኛው መንገድ ነበርና? ፀሐይ ብቻ ነበረች። ሄዶ ሄዶ በየት እንደምትወጣ፣ በየት እንደምትገባ አይቶ ለሷ ጀርባውን ሰጣት። መንገዱ ኋላ ነው የመጣው። እኛ አላኮረፍንም ተሻለ፤ መንገዱ ነው በጀርባችን ያለፈው።»

ጋሽ ተሻለ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ሰው ሲሸነፍ ብዙ ጊዜ ድምፁ ይጨምራል፤ የእሳቸው ግን ቀነሰ።

«እጅጌ፣ ቅቤሽን እንኳን የማታስቀምጪበት ቤት ሠርቼ ነው ልጄን ላስተኛ የነበረው።»

«እኔማ ምን ልበል፤ አንተ መስታወት መስታወት ስትል...»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

እዚህ ላይ ጸደንያ ወሬ ብትጨምር ኖሮ ሁሉም ነገር ይበላሽ ነበር። የዛሬዋ ጸደንያ ግን ከትናንቷ ተምራለች፤ ዝም አለች። ጋሽ ተሻለ ራሳቸው ናቸው ወደ እሷ የዞሩት።

«ልጄ፣ ትናንት ክፉ ተናገርኩሽ። አባትሽ ቢሰማሽ ይኮራብሽ ነበር። እስቲ ያን ነገር ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ አሁን ጆሮ አለኝ።»

«ጋሽ ተሻለ» አለ አየለ በሩ ላይ ሆኖ፣ «እኔስ? መጥረቢያውን ምን ላድርገው?»

«ችካል ጥረብበት።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተሰብስበው ገመዱን ነቀሉት። የመጀመሪያዋን ችካል የነቀሉት ጋሽ ተሻለ ናቸው፤ በገዛ እጃቸው። ያን ቀን ጸደንያን ብታዩዋት! አንዴ ሮቃው ሥር፣ አንዴ ገመዱ ላይ፤ ለአየለ በጭራሮ መሬቱ ላይ እየሣለች ታስረዳዋለች፣ አየለ ይጠይቃል፣ ትመልሳለች። ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን፤ ግን ወጣ ብሎ መስኮቶቹን እንደ ባርኔጣ ይጋርድ። ከሥሩ ኮርኒስ፣ በሁለቱ መሀል ሙቀቱ የሚወጣበት ክፍት ቦታ፤ ክፍቱ ላይ ደግሞ ወባ ትንኝ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ። ዝናቡ በአሸንዳ ወርዶ በርሜል ይሙላ።

«ኮርኒሱን በማሽላ አገዳ እንሠራዋለን» ስትል ግን እትዬ እጅጋየሁ እጃቸውን አወራጩ።

«አገዳ? አይጥ ለመጥራት ነው? ሌሊቱን ሙሉ አናቴ ላይ ሲሯሯጥ ልደር? ሰሌን አድርጊው!»

«እውነትዎን ነው እትዬ። ይሄን አላሰብኩትም። ሰሌን ይሁን።»

«አየህ» አሉ እትዬ እጅጋየሁ ወደ ባላቸው ዞረው፣ «የተማረች ሰው ሲነገራት እንዲህ ነው የምትሰማው።»

ያን ዕለት ማታውኑ ጋሽ ተሻለ ደብረ ብርሃን ደወሉ። «ዘኑ፣ አይሞቅም» ብቻ አሉ። እሷም ገባት።

ድንጋዩ ከእርሻው ጠርዝ በአህያ መጣ። በቀበሌው አንድ ለአምስት የተደራጀው ጎረቤት ለስብሰባ ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ተሰበሰበ። ያ የተወራለት መስታወት ደግሞ ለሁለት ተቆርጦ ፀሐይ በማትመታው በኩል፣ ሮቃውን በጎን በሚያይ መስኮት ላይ ገባ። ፋሲካ አልፎ ጥቂት እንደቆየ ቤቱ አለቀ፤ ኖራው ሳይደርቅ ዘነበች ሆዷን ይዛ ደረሰች። ጤና ጣቢያ ወለደች፤ ወንድ ልጅ። ከዚያ ወደ አባቷ ቤት ገባች።

ሰኔ ሲገባ ሮቢት እንዴት እንደምትግል ታውቃላችሁ። አንድ ጠዋት ሚኪያስ ሰው አድርሶ ሲመለስ ጋሽ ተሻለ ሮቃው ሥር ተቀምጠው አገኛቸው።

«ጋሽ ተሻለ፣ እኔ ግን አልለመድኩትም» አለ ወደ ቤቱ እያየ። «በዚህ ሳልፍ ሁሌ ያኮረፈብኝ ነው የሚመስለኝ። ምን አድርጌው ነው?»

«ና ተቀመጥ፣ ምን እንዳደረግከው ልንገርህ» አሉ ጋሽ ተሻለ። ይሄን ጥያቄ ለስንት ሰው እንደመለሱት! ግን ሲመልሱት አይሰለቻቸውም። «ድንጋዩ ከእርሻዬ ነው፤ እርሻዬም ጸዳ፣ ሞፈሬም ዳነ። አፈሩ ከራሱ ጉድጓድ ነው። አንድ ቀን ቢፈርስ እንኳን ድንጋዩ ድንጋይ ነው፣ አፈሩም አፈር ነው፤ ቆሻሻ አይሆንም። ዝናብ ሲጥል ውሃው አስፋልት አያጥለቀልቅም፤ በርሜሌ ይገባል፣ እጅጌ ታጥብበታለች። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ሲጮህ እኔ አልሰማም። ትንኙ ወንፊቱ ላይ ቀርቷል። ደግሞ አንተ ራስህ ያረፍክበት ይሄ ዛፍ ቆሟል። ይሄን ሁሉ ያደረገች አንዲት ልጅ ናት፤ እኔ ደግሞ አባርሬያት ነበር።»

«ግን ከመንገድ አይታይም።»

«ተወው፤ መንገደኛ እዚህ አያድርም።»

በዚህ ጊዜ እትዬ እጅጋየሁ ከእትዬ ሙሚና ቤት ሲመጡ ታዩ፤ ሰማያዊ ክር ያሰረውን ማሰሮ በነጠላ ጠቅልለው፣ አሁን ግን ሳይሮጡ፣ ቀስ ብለው። እትዬ ሙሚናም «ቅቤው ቤቱ ቢገባ አንቺ እንዳትቀሪብኝ አልኳት» እያሉ አራስ ለመጠየቅ አብረው ነበሩ።

ከውስጥ የዘነበች ድምፅ መጣ። «አባዬ!»

ጋሽ ተሻለ ደንግጠው ተነሡ። «አቤት! ምን ሆንሽ? ሞቀሽ?»

«አይ፤ ልጁ በረደው መሰለኝ። ትንሽ ጋቢ የለም?»

ጋሽ ተሻለ ባሉበት ደርቀው ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሚኪያስ ዞሩ፣ ፊታቸው እንደዚያ እንደ መስታወቱ እየበራ።

«ሰማህ? ሮቢት ላይ! በሰኔ! ጋቢ!» አሉና ጋቢ ፍለጋ እየተጣደፉ ገቡ።

በስተጀርባቸው የደሴ አውቶቡስ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። ማንም ዞሮ አላየውም፤ እሳቸውም አላዩትም።